ለጎሿ የተጠየቀ ቅባት

ሲንድ፣ ከሃላ አጠገብ፣ ከቦዩ ዳር
ረጀብ 9 ቀን 1405 ዓመተ ሂጅራ

ለተከበሩ አጎቴ ሱማር፣ ሙስካት፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል።

የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይጠብቅዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤትዎ አክስቴ ዜባንም ደህና ናቸው። የእርሳቸውን ደብዳቤ እንደ ወትሮው እየነገሩኝ ጽፌ ለብቻ አጥፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ያው ሩዙ ደርሷል፣ ግድግዳው ተለስኗል፣ እኔ ጤና ነኝ ነው ያሉት። «ሌላ የሚጨመር የለም?» ብላቸው «ሌላ ምን አለ?» አሉኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባቴ በሕይወት ሳለ ከዋሪዮ ቤት ጋር ልጅ በልጅ መለዋወጣችንን ያውቃሉ። እህቴ ሃዋ የዋሪዮን ልጅ አግብታ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሴት ልጅም ታቅፋለች። የእኔና የዋሪዮ ልጅ የሳባጊ ኒካሕም የዚያኑ ቀን ታስሯል። የቀረው ሳባጊን በጋሪ አሳፍሮ ወደ ቤቴ ማምጣት ብቻ ነው። ዋሪዮ «ረመዳን ሳይገባ ሚስትህን ውሰድ» ብለዋል። እኔ ደግሞ የክፍሉ ጣሪያ ገና አላለቀልኝም። የእርስዎን ቃል አይንቁም፤ ከዒድ በኋላ ይሁን ብለው ቢጽፉላቸው ይሰማሉ። ገንዘብ አይደለም የምለምንዎ፣ ሁለት መስመር ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር አለች። የወተት ጎሻችን ታማለች። ጡቷ አካባቢና ጭኖቿ መሃል ቆዳዋ ደርቆ ይላጣል። ስትራመድ ይፋተጋታል። በተለይ ከቦዩ ወጥታ ውሃው ላይዋ ላይ ሲደርቅ በጣም ያሳክካታል። ፀጉሯን ላጭተን በሸብ ብናሻት ይባስ ተቃጠለች። እርስዎ ሆስፒታል ስለሚሠሩ የቆዳ ሐኪም አያጡም ብዬ ነው። ለእንስሳ የሚሆን ቅባት ካለ ስሙን ይላኩልኝ። ነገሩን ለሌላ ሰው ባያነሱት ደስ ይለኛል፤ ወተቷን የሚገዙን ሰዎች አሉ።

ታዛዥዎ ባቻል


ሙስካት
ረጀብ 28 ቀን 1405

ይድረስ ለልጄ ለባቻል።

እንዴት ከርመሃል? የአባትህን ነፍስ አላህ በጀነት ያኑርልን፤ ለእኔ ከወንድም የማይተናነስ የአጎት ልጅ ነበር። አንተንም ለእህትህ ያቁምልን። እኔ ደህና ነኝ። ከእንፋሎቱና ከአንሶላው ክምር በቀር የሚከብደኝ የለም፤ እሱንም ለምጄዋለሁ።

ለዋሪዮ ጽፌያለሁ። ለዒድ በጤና ያድርሰን፣ ልጁ ጣሪያውን ይጨርስ ብያለሁ። እሺ ይላል። ሁለተኛ ብጽፍለት ግን እሺ እንደሚል እንጃ። ዋሪዮ ቶሎ የማይናደድ ሰው ነው፤ ከተናደደ ግን ከወር በፊት አይበርድለትም።

ስለ ጎሿ ደግሞ። እዚህ ያለው የቆዳ ሐኪም ዶክተር ጄትሃናንድ ይባላል። ወላጆቹ ከእኛው ከሃላ የተሰደዱ ናቸው፤ ሲንድኛ ሲናገር የአያቶቻችንን ቃል እሰማለሁ። ስምህን ሳልጠራ ያቺን አንቀጽ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀና «ሱማር፣ ይህቺ ጎሽ ሱሪ ትታጠቃለች?» አለኝ። እኔም «የእኛ አገር ጎሽ ጨዋ ናት፣ ዶክተር» አልኩት። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም ልጄ። ከጎሽ ጋር ነው ያደግሁት። ጎሽ ስትላጭ አላየሁም፤ ለጎሽ ተብሎ ከጨርቅ ማቅለሚያው ቤት ሸብ ሲወጣም አላየሁም። አልጠይቅህም። ዶክተሩ ያለውን ልንገርህ፣ አንተም ለጎሿ ንገራት።

ሸቡን ዛሬውኑ ትተው። ሸብ ጨርቅ ቀለም እንዲይዝ የሚያደርግ ነገር ነው፤ ቆዳን ያደርቃል፣ አዲስ የተላጨ ቆዳን ደግሞ ያቃጥላል። ምላጩንም ትተው። ዲናችን ፀጉር ይነሳ አለ እንጂ ደም ይፍሰስ አላለም፤ በመቀስ ማሳጠር ይበቃል። ሳሙና እዚያ ቦታ አይድረስ፣ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ታጥባ ስትጨርስ አትፈትገው፤ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያለች ታድርቀው። ከቦዩ እንደወጣች እርጥብ ልብሷን ትቀይር። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጋ ትቀባ። ቁስል ወይም መግል ካየች፣ ካበጠባት፣ ወይም ስትሸና ካቃጠላት ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ይህ ሁሉ ባይኖርም በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ሃይደራባድ ወርዳ ትታይ። በደብዳቤ ቆዳ አይታይም ብሏል ዶክተሩ።

ደግሞ ንገራት፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እዚያው ቦይ ውስጥ እስከ ወገቤ ቆሜ አጅራክ የምንለውን የታተመ ጨርቅ ለማጠብ ድንጋይ ላይ ስደበድብ ነበር።

አጎትህ ሱማር


ከሃላ አጠገብ
ረመዳን 17 ቀን 1405

ለተከበሩ አጎቴ ሱማር።

እንኳን ለተከበረው ወር በጤና አደረሰዎ፤ ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጎሿ ድናለች። እንዲያውም ሸጥናት። ስለ እርሷ ከእንግዲህ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ለዶክተሩም እንዲሁ ይንገሩልኝ።

ሃዋ ሸዕባን መጨረሻ ላይ ልጇን አዝላ፣ ልብሷን በአንድ አጅራክ ቋጥራ መጣች። ለጥየቃ የመጣች መስሎኝ «ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አልኳት።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችኝ። «አማቴ ሳባጊን የሚያመጣው ጋሪ ነው አንቺን የሚመልስሽ ብለውኛል። አንተ እንግዲህ ስንት ቀን ትቆያለሽ ብትለኝ ምን ልበልህ?»

ዒድን ጠብቀን የለ ወይ አልኳት።

«እነሱ ዒድን መጠበቁን አልጠሉትም፤ አንተ ፊትህን ማዞርህን ነው የጠሉት። ጣሪያው ካለቀ ወር አልፎታል፣ መንደሩ ሁሉ አይቶታል። ካራቺ ሴት አለችው ይላሉ። እውነት ከሆነ ንገረኝና እኔም ቁርጤን ልወቅ።»

የለችም አልኳት። «ታዲያ ምንድን ነው?» አለች። ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። እሷም ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ባሏ ከእኔ ጋር አንድ ቦይ ውስጥ ቆሞ ነው ጨርቅ የሚደበድበው። ሃዋ ከመጣች ጀምሮ አላናገረኝም። ማፍጠሪያ ሲደርስ ግን በአጥራችን በኩል ለልጁ ቴምር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ሃዋ እያየችው ነው የምታለቅሰው።

አጎቴ፣ ሁለት ነገር ልለምንዎ። ለዋሪዮ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ይጻፉልኝ፤ ከዒደል አድሐ በኋላ ይሁን ይበሏቸው። ካልሆነም እዚያ ሙስካት የጉልበት ሥራ ይፈልጉልኝ። አንድ ዓመት ብቻ። ሰው ሰው አገር ከሄደ ማንም ለምን ዘገየ አይለውም።

የአክስቴ ዜባን ደብዳቤ እነሆ። ሩዝ ተወዷል ብለዋል።

ባቻል


ሙስካት
ሸዋል 4 ቀን 1405

ይድረስ ለባቻል።

ዒድ ሙባረክ። አላህ ከሚመጣው ዓመት ያድርስህ፤ የእህትህንም ዕንባ ያብስላት።

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው፣ ከዚያ አቃጥለው። ለዜባን የምታነብላት ሰማያዊው ወረቀት ላይ ያለውን ነው።

ለዋሪዮ እንዳልከው ደግሜ ጽፌያለሁ፤ ሥራ ግን አልፈልግልህም። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ ልነግርህ አልችልም። እዚህ የምትመጣው ለመሸሽ ከሆነ እኔ የሸሸሁበት ቦታ ነው፤ ተይዟል።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ወደ አገር መጣሁ። ያኔ ዜባን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። እዚህ በማጠቢያው ክፍል የነጭ ልብስ ማንጫ ውሃ ሱሪዬ ላይ እየፈሰሰ፣ በእንፋሎቱ እየተቀቀልኩ፣ እርጥቡን ሳልቀይር ስውል ብልቴና ቆለጤ ላይ ያለው ቆዳ ደርቆ ይላጥ ጀመር። ጭኔ መሃል ቀላ፣ አሳከከኝ። እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ ወለል የሚታጠብበትን መድኃኒት በውሃ በጥብጬ ታጠብኩበት። በእሳት የተለበለብኩ መሰለኝ። ጭራሽ ይደማ ጀመር። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሁ፣ ከሐኪሙ በር ሃምሳ እርምጃ ርቄ፣ ለማንም ሳልናገር በዚያው አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ሁለት ወር ሰገነት ላይ ተኛሁ። «ሙቀት አልቻልኩም» አልኳት። ወሩ የብርድ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል፣ እኔ ሙቀት እላለሁ። አንድ ቀን ምሳ እያቀረበችልኝ «እዚያ ሴት አለችህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሴት የለችም ካልኩ ታዲያ ምንድን ነው ትለኛለች፤ እሱን ደግሞ ለመናገር አፍ አልነበረኝም። ዘማዊ መባል ቀለለኝ። አየህ፣ እንደዚያ የሚቀለው ሰው ምን ያህል ሞኝ እንደሆነ?

ተመልሼ ዶክተር ጄትሃናንድ ዘንድ ገባሁ። በአምስት ሳምንት ዳንኩ። አንድ ትንሽ ማሰሮ ቅባት፣ ደረቅ ሱሪና ንጹሕ ውሃ ነው ያዳነኝ። ግን ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ወደ ቤቴ መጥቻለሁ፤ ዜባን እንደ እንግዳ ነው የምታስተናግደኝ። ልጅ አልወለድንም። ብጽፍላት ማንበብ አትችልም። የጻፍኩት ሁሉ ፊት በአባትህ አሁን ደግሞ ባንተ አፍ ያልፋል። ስለ ሩዝ የምንጻጻፈው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አንተ። ዶክተሩ ይህን ልብ በልልኝ ብሏል። የዚያ ቦታ ቆዳ ስስ ነው፤ ከተፋተገ፣ ሳሙና ከበዛበት፣ ርጥበት ከታፈነበት ይላጣል። ፈንገስም ሊሆን ይችላል፣ የቆዳ መቆጣትም ሊሆን ይችላል፤ መልኩ ይመሳሰላል። በግብረ ሥጋ የመጣ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ሐኪም እንጂ ሐሜት አያድነውም። ከሱቅ የገዛኸው ነጭ ቅባት ካለ ግን ዶክተሩ አስጠንቅቋል፦ ማሳከኩን ሳምንት ያስታግስና ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ፈንገስም ካለ ያደልበዋል። ይዘኸው ሂድና ለሐኪሙ አሳየው።

ሃይደራባድ ሂድ። ጎሿን ይዘህ ሳይሆን ራስህን ይዘህ ሂድ።

ሱማር


ከሃላ አጠገብ
ዙልቀዕዳ 22 ቀን 1405

ለተከበሩ አጎቴ ሱማር።

አላህ የልብዎን ያድርስልዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ አቃጥዬዋለሁ። ጎሿ አልተሸጠችም፤ ይኸው እዚህ በረቱ ውስጥ ታመሰኳለች፣ እንደ ንጉሥ ልጅ ጤነኛ ናት። በስሟ ስለቀጠፍኩ እሷንም ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

እኔ ነኝ አጎቴ። ካቻምና በበጋው ነው የጀመረኝ። ጨርቁ የተነከረበት ሶዳ ከውሃው ጋር ሱሪዬ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ለብሼ ስውል ቆዳዬ ደርቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፍ ጀመር። ንጽሕና ጎድሎኝ ነው ብዬ በአርባ ቀን የሚላጨውን በየሳምንቱ ላጨሁ። ጢማችንን ስንላጭ በሸብ እናሽ የለ? እዚያም ይሠራል ብዬ ከማቅለሚያው ቤት ድፍን ሸብ አምጥቼ አሸሁበት። ሲያቃጥለኝ «እየገደለው ነው» እያልኩ ጨመርኩ። ከዚያ ባለሱቁ ነጭ የቅባት ቱቦ ሰጠኝ። ዐሥር ቀን ተአምር ነበር። በዐሥራ አንደኛው ሁሉም ነገር ብሶ ተመለሰ፤ ቆዳው ስስ ሆኖ ቀላ።

ቅጣት መሰለኝ። ሕመሙ ሊጀምረኝ ጥቂት ሲቀረው አጅራክ ጭኜ ካራቺ ሄጄ ነበር። ሰው የሚያወራው ሴት የለችም። አንድ ፊልም አይቻለሁ፣ የዒሻእ ሰላት አምልጦኛል፣ ይኸው ነው። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ የዘፈነችውን ሴትዮ አንድ ወር ሙሉ ሳስባት ነበር፤ በእሷ ምክንያት ነው የተላጥኩት ብዬ አመንኩ። እርስዎ ሲስቁ ይታየኛል።

መልሴ የዘገየው ሦስት ጊዜ ሃይደራባድ ስለወረድኩ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ በሩ ላይ «የቆዳና የአባለዘር በሽታዎች ክፍል» የሚል አየሁና ተመለስኩ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ በር ላይ የጻፈው ማን ይሆን? ሰው እከክ ይዞት ቢመጣ ስሙ ጠፍቶ ይመለሳል። በሁለተኛው ገባሁ፤ የመንደራችን ፀጉር አስተካካይ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ተያየን። «ለጆሮዬ ነው የመጣሁት» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ሁለታችንም ግድግዳውን ስናይ ቆየንና እኔ ወጣሁ። በሦስተኛው ሃዋ ጋሪው ድረስ ሸኘችኝና «ወዴት እንደምትመላለስ አላውቅም፤ ብቻ ዛሬ ጨርሰኸው ና» አለችኝ። እሷን እያሰብኩ ነው የገባሁት።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል። አየኝና «ምን ቀባህበት?» አለኝ።

«ሸብ።»

«ሌላስ?»

«የልብስ ሳሙና።»

«ሌላስ?»

ነጩን ቱቦ አወጣሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። «ሌላስ?»

«የሰናፍጭ ዘይት።»

«ልትጠብሰው ነበር እንዴ ልጄ?» አለኝ። አልተቆጣም። በምላጭ ጫፍ ቅርፊቱን ጠርጎ መስታወት ላይ አደረገና በማጉያው አየው። ጭኔ መሃል ያለው ፈንገስ ነው፣ ብልቴ ላይ ያለው ደግሞ ሸቡና ሳሙናው ያቃጠለው፣ ቱቦውም ያሳሳው ቆዳ ነው አለኝ። የቁስልና የፈሳሽ ምልክት የለም። ሽንቴንም ደሜንም አስመረመረ፤ ንጹሕ ነው። የፈንገሱን ቅባት ጧትና ማታ ጭኔ ላይ እንድቀባ፣ የዳነ ሲመስለኝም ሁለት ሳምንት እንድቀጥል፣ ሌላውን ቦታ በውሃና በቫዝሊን ብቻ እንድተወው አዘዘኝ። ፎጣዬን ለብቻ። ቦዩ ዳር ደረቅ ሱሪ ይዤ እንድሄድ። «ስንት ቀን?» ብለው «ስድስት ሳምንት፤ ቆዳ ባንተ ጥድፊያ አይበቅልም» አለኝ። እስኪድን ድረስም ከሚስት ጋር መታገሥ፤ ፈንገሱ ይጋባባታልና።

ስወጣ ከበሩ ውጪ ቆሜ አለቀስኩ። ከካቻምና ጀምሮ ተሸክሜው የነበረውን ነው ሰውየው በሩብ ሰዓት ያወረደልኝ።

አሁን ግን ቀኑ አልገጠመም። ዋሪዮ ዙልሒጃ 19 ብለው ቆርጠዋል። የሐዘኑ ወር ሙሐረም ከገባ ሠርግ የለም፤ ያኔ የሃዋን ፍቺ እንልካለን ብለዋል። ስድስት ሳምንቱ ደግሞ የሚያልቀው ሙሐረም ውስጥ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ይጎድለኛል። አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻ፣ ቢጽፉላቸውስ?

ልጅዎ ባቻል


ሙስካት
ዙልሒጃ 3 ቀን 1405

ባቻል፣ ይህን ለበዓሉ ወደ ሃላ በሚመለስ ሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ ፖስታውን አላመንኩትም።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ለዋሪዮ አልጽፍም። ጋሪውን በ19 ላክ፣ ሳባጊን አምጣት፣ ንገራት። እህትህን የምትመልሳት እንደዚያ ብቻ ነው።

እንዴት ብዬ እንዳትለኝ፤ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ ዛሬ ሰማያዊ ወረቀት አልጽፍም ነበር። ብቻ ቃል አታሳምር። ወዲያው እንደገባች ተናገር፤ ውለህ ካደርክ እንደኔ ትለምደዋለህ።

ብትስቅብህ ሳቋን ቻለው። ብትጠላህም ሁለት ሳምንት ታገሣት። የማይቻለው ዝምታው ነው።

ሱማር


ከሃላ አጠገብ
ሙሐረም 5 ቀን 1406

ለተከበሩ አጎቴ ሱማር።

አዲሱን ዓመት አላህ የሰላም ያድርግልዎ። ደብዳቤዎን ሰውየው በዓሉን ቤቱ ውሎ ከጋሪው በሁለት ቀን ቀድሞ አደረሰልኝ።

ሁለቱ ጋሪዎች የቦዩ ድልድይ ላይ ተገናኙ፤ ሃዋ ስትሄድ፣ ሳባጊ ስትመጣ። ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ አንዱ መቆም ነበረበት፤ የሃዋ ባል ወርዶ በሬዎቹን ወደ ኋላ ሳበ። ሃዋ ልጇን ታቅፋ ከላይ ሆና «ባቻል! ጣሪያህ አያፈስም አይደል?» ብላ ጮኸች። ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ሳባጊን ክፍላችን አስገቡልኝ። ገና መግሪብ አልደረሰም። ከቀይ ሻሿ ውስጥ ጣቶቿ ብቻ ይታያሉ። እንዳሉኝ ወዲያው ጀመርኩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

«የካራቺዋን?»

«ካራቺ ማንም የለም። ቆዳዬ ነው። ታች... እዚያ። ይላጣል። ሐኪም አይቶኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሁለት ሳምንት ይቀረኛል። እስከዚያ...» ከዚህ በላይ አልሄደልኝም።

ሙሽራ ሻሿን ራሷ አታነሳም። እሷ ግን አነሳችውና ቀጥ ብላ አየችኝ። «ሸብ አሽተህበታል አይደል?» አለችኝ።

አጎቴ፣ መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማን ይነግረኛል? የአባቴንና የወንድሜን ሱሪ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አጥባለሁ። ቅርፊቱ አለ፣ የደሙ ነጠብጣብ አለ፣ የሸቡ ነጭ አለ። ይህ ቦይ ውስጥ የሚቆም ወንድ ሁሉ አንድ ቀን ይላጣል፤ ሴቱ ሁሉ ያውቃል። እናንተ ብቻ ናችሁ ያልተነገራችሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እናንተ ለምን ዝም አላችሁ?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ረገበ። «እኔ ጠልቶኝ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀን ሲያራዝም ምን ይመስለኝ? እናቴ ሌላ አለችው ስትል እኔ መልኬን በውሃ ውስጥ አያለሁ። ለቆዳ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ያስለቀስከኝ?»

ይቅርታ አልኳት። ከልቤ ነው። ቅባቱን አሳየኝ አለችና አገላብጣ አየችው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። «ሱሪህን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አጥባለሁ፤ የሳሙናው ሽታ እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል» አለችኝ። ማን አስተማረሽ ብላት ነው ይህን የምጽፍልዎ። «አክስት ዜባን ናቸው ለመንደሩ ሴት ልጅ ሁሉ ያስተማሩት» አለች። «ቦዩ ዳር ስናጥብ እንዲህ ያለ ሱሪ ስታዪ ባልሽን አትጠይቂው፣ በደንብ አለቅልቂለት፣ ራሱ እስኪነግርሽም ጠብቂ ይሉናል። የእኔው ሳይነግረኝ አውሮፕላን ላይ ወጣ ይላሉ።»

በአላህ እምልልዎታለሁ፣ ከእርስዎ ምስጢር አንዲት ቃል አላወጣሁም። አክስቴ ዜባን ራሳቸው ሁሉንም ያውቁ ነበር።

የሃዋ ባል ትናንት ቦዩ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ጨርቁን ብዙ ደበደበ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ያ የሐኪሙ በር የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሰው ካገኘህ ለጆሮዬ ነው የመጣሁት በል አልኩት።

ዛሬ ጧት ሰማያዊውን ወረቀት ላነብላቸው አክስቴ ዜባን ዘንድ ሄድኩ። «አጎቴ ሱማር ለጤናዎ...» ስል «ተወው» አሉኝ። «ሳባጊ ለሁላችን ነገረችን፤ ባቻል በአፉ ተናገረ ተብሎ ሴቱ ሁሉ እልል ብሏል። ወረቀት አውጣና የምልህን ጻፍ። አንዲት ቃል እንዳታሳምር።» የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለው ነው።

ልጅዎ ባቻል


ስምህን አልጠራም፤ ባል በስሙ አይጠራም። አንተ መሆንህን ታውቃለህ።

ሩዙ ደርሷል። ጤና ነኝ። ይህን ዐሥራ አንድ ዓመት ሰምተኸዋል፣ አሁን ሌላውን ስማ።

በመጣህ በሦስተኛው ቀን ሱሪህን አጠብኩ፤ ያን ቀን አወቅሁ። ሰገነት ላይ ስትወጣ ምን እንደያዘህ አውቅ ነበር። ሌሎቹን ሱሪዎችህንም ለብቻ በሞቀ ውሃ አጥብልህ ነበር፤ አንተ ለምን ሌላ ሳሙና ገዛሽ ብለህ ተቆጥተኸኛል።

ሴት አለችህ ወይ ብዬ የጠየቅሁህ አለች ብዬ አይደለም። አንድ ነገር እንድትመልስልኝ ብዬ ነበር። የለችም፣ እንዲህ ሆኜ ነው ትለኛለህ ብዬ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ወጡ ቀዘቀዘ። አንተ እጅህን ታጥበህ ተነሳህ።

ቆዳ ስለተላጠ የሚከፋኝ ሴት አይደለሁም። የከፋኝ የማላውቅ አድርገህ ስለቆጠርከኝ ነው። እናትህ ልጄ እዚያ ሌላ አግብቷል ብላ እያዘነችልኝ ሞተች። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ፤ ያንተ ገመና ነው ብዬ ዋጥኩት። የምሥጋና ቃል ከአንተ አልጠበቅሁም፣ ግን ደክሞኛል።

ባቻል ይህን ሲጽፍ ጆሮው ቀልቷል። ይቅላ። እሱ ገና ትናንት ያገባው ልጅ የተናገረውን አንተ ሽበት አውጥተህ አቃተህ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እንዳትጽፍ። የእኛን ነገር ከእንግዲህ በሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈልግም። ራስህ ና፣ በርህን ዝጋና ንገረኝ። የማውቀው ቢሆንም እሰማሃለሁ።